ከወልድያ ጉሊት እስከ ቦምቤ ገበያ

ገበያ በሚውልበት ቀን በወላይታ ወደምትገኘው ቦምቤ የሚወስዱት የእግር መንገዶች ገና ጤዛው ሳይረግፍ በሴቶች ይሞላሉ። አንዷ ዝንጅብል በማዳበሪያ ከረጢት አዝላለች፤ ሌላዋ ጎደሬ ተሸክማለች፤ ሌላዋ ደግሞ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ በቃጫ ያሰረችውን ቅቤ ይዛ ትፈጥናለች። አፈሩ ቀይ ነው፤ ከእግር ጀምሮ እስከ ቀሚስ ጠርዝ ይይዛል። በስተ ምዕራብ መሬቱ እየወረደ ወደ ኦሞ ሸለቆ ይገባል፤ ከወንዙ ማዶ የዳውሮ ተራሮች በጠዋቱ ጉም ውስጥ ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ።

ገበያው ውስጥ አንዲት እናት ሸክሟን አውርዳ ቦታዋን ስትይዝ ቆም ብሎ ላያት፣ ሥራዋ የራሱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ሰፊ የእንሰት ቅጠል መሬት ላይ ታነጥፋለች። ቀጥላ ዝንጅብሉን አፈሩን እያራገፈች መደብ መደብ አድርጋ ትከምራለች። መደቦቹን በዓይኗ ትመዝናለች፤ ከአንዱ አንስታ ለሌላው ትጨምራለች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ቀጥ ብላ ትቆምና የሚመጣውን ሰው ፊት ለፊት ታየዋለች። ግራና ቀኟ ሌሎች ሴቶች እንደዚሁ ቆመዋል፤ ከኋላቸውም ሌሎች አሉ። ሰዉ ከመጠጋጋቱ የተነሣ የቅርቡና የሩቁ ይቀላቀላል፤ በአንዷ ትከሻ ላይ የሌላዋ ፊት ይታያል።

የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሥዕል የሚከታተል ሰው ይህን አቋቋም ያውቀዋል። ሠዓሊ ታደሰ መስፍን «የሕይወት ምሰሶዎች» በሚል ርእስ ለዓመታት ሲሠሩት በቆዩት ተከታታይ ሥራ ውስጥ ያሉት የጉሊት ሴቶች አቋቋም ነው። ረጃጅም ናቸው፤ አንገታቸው መለል ያለ፣ ፊታቸው የረጋ ነው። የሚሸጡት ነገር እግራቸው ሥር ተደርድሯል፤ ሽንኩርት ይሁን ቲማቲም በቅርጹ ሳይሆን በቀለሙ ብቻ ይገመታል። ከኋላቸው ሰማይም፣ ተራራም፣ የገበያ ዳስም የለም። ያለው ሴት ከሴት አጠገብ፣ ሴት ከሴት በስተኋላ ብቻ ነው።

ታደሰ መስፍን የተወለዱት በ1945 ዓ.ም. ወልድያ ነው። ወልድያ ከደሴ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የወሎ የገበያ ከተማ ናት። ዙሪያዋን ያለው ገበሬ ሁሉ ያለውን ይዞ የሚመጣው ወደ እርሷ ነው። አንድ የወልድያ ልጅ ሁለት ነገር እያየ ያድጋል፦ መንገድ ዳር ጨርቅ ዘርግተው የሚቸረችሩ እናቶችንና ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያሉ ቅዱሳንን። ሠዓሊው በኋላ ዘመናቸውን የሰጡት እነዚህን ሁለቱን አንድ ሸራ ላይ ለማገናኘት ነው።

በመካከል ግን ረጅም ትምህርት አለ። ወደ አዲስ አበባ መጥተው የገቡት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ከአሜሪካ ቺካጎ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1950 ዓ.ም. ገደማ ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነበር። ከመምህራኖቻቸው አንዱ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ናቸው። ገብረ ክርስቶስ ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምረው የመጡ፣ ረቂቅ ሥዕልን ለኢትዮጵያ ተመልካች ያስተዋወቁ ሰው ነበሩ። ታደሰ ከዚያ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደው በሌኒንግራድ ተማሩ። የዚያ ትምህርት ቤት ሠልጣኝ የሰውን አካል አጥንቱን፣ ጅማቱን፣ ክብደቱን አውቆ ይወጣል። ታደሰ ተመልሰው ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚያው በአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሩ። ዛሬ በዓለም መድረክ ስማቸው ከሚነሣ ወጣት ኢትዮጵያውያን ሠዓልያን መካከል በእርሳቸው እጅ ያለፉት ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ ቢያናሌ የራሷን ማሳያ ስትከፍት የቀረቡት የተስፋዬ ኡርጌሳ ሥራዎች ነበሩ፤ ተስፋዬም የታደሰ ተማሪ ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ያለ እርሱ የታደሰ ሥራ ግማሹ አይገባም። በአገራችን የጥንት አሣሣል ጻድቅ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። ኃጢአተኛው፣ ከሐዲው፣ አሳዳጁ ግን በጎን ይሣላል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። በመጨረሻው እራት ላይ ይሁዳን ለመለየት ጽሑፍ ማንበብ አያሻም፤ ባለ አንድ ዓይኑን መፈለግ ይበቃል። ደግሞ በዚያ ሥዕል ውስጥ ጥልቀት የለም። ቅዱሳኑ አንዱ ከሌላው ጀርባ ሲቆሙ በርቀታቸው አያንሱም። ትልቅ ሆኖ የሚሣለው ለተመልካቹ የቀረበው ሰው ሳይሆን የከበረው ነው።

ታደሰ ይህን ሕግ ወስደው ሽንኩርት ለምትቸረችር እናት ሰጧት። ሁለት ዓይን ሰጧት። ከፍ አደረጓት። ከኋላዋ ያለውን ቦታ ዘግተው እርሷን ብቻ እንድናይ አስገደዱን። ከሌኒንግራድ ያመጡት የአካል ዕውቀት ቀሚሱ ሥር ክብደት ያለው ሰው እንዲኖር አደረገ፤ ከገብረ ክርስቶስ ዘመን የወረሱት የቀለም ነጻነት ደግሞ ሴቲቱን በትልልቅ ዝርግ ቀለማት ከፋፈላት። በከተማ በደንብ አስከባሪ የምትባረረው፣ ዕቃዋን በጨርቋ ጠቅልላ የምትሮጠው ያቺው ሴት እዚህ አትሮጥም። በእኔ ፍርድ፣ ባለፉት ሠላሳና አርባ ዓመታት በኢትዮጵያ ሥዕል ውስጥ ለገጠር ሰው ከተሠራው ሁሉ ይህ ትልቁ ነው።

ትልቅነቱ የሚታየው ከዚያ በፊት ከነበረው ጋር ሲተያይ ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ ወደ ዘመናዊ ሥዕላችን የገባው በሁለት በር ነበር። አንዱ የክብር በር ነው። አፈወርቅ ተክሌ «የመስቀል አበባ»ንና «እናት ኢትዮጵያ»ን ሲሠሩ የአገሪቱን ሴት ውብ፣ የደመቀች፣ አገርን የምትወክል አድርገው ነበር። ሁለተኛው የመከራ በር ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረኃብ የሥነ ጥበብ ተማሪዎችን አናወጠ። እሸቱ ጥሩነህ «የረኃብ ሰለባዎች»ን ሲሠሩ፣ አጥንታቸው የወጣ ሰዎች ተሰልፈው ሲሄዱ አሳዩን። ያ ሥዕል አስፈላጊ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ዝም ያለ ሥዕል ሐሰተኛ በሆነ ነበር። ታደሰ ያኔ የሃያ ዓመት ወጣት ነበሩ፤ የተራበውም የትውልድ አገራቸው ነበር። በበሰሉ ዘመናቸው ግን የወሎን ሰው በሰልፍ ሲሄድ አላሳዩንም። ቆሞ፣ የእጁን ሥራ ከፊቱ አኑሮ አሳዩን። ገበያ ውስጥ የቆመች ሴት አገርንም ረኃብንም እንድትወክል አይጠበቅባትም፤ ራሷን ናት።

ሌላም መንገድ ነበር፤ የሻምበል ለማ ጉያ። እ.ኤ.አ. በ1928 በቢሾፍቱ አካባቢ የተወለዱት ለማ የአየር ኃይል ባልደረባ ነበሩ፤ ሥዕልን በአብዛኛው በራሳቸው ጥረት ነው የተማሩት። ከሸራ ይልቅ የፍየል ቆዳን መረጡ። ምርጫው ብልህነት ነበረው፤ የአርብቶ አደሩን፣ የአዛውንቱን፣ ውኃ የምትቀዳዋን ሴት መልክ እነርሱው በሚያውቁት፣ በቤታቸው በሚገኝ ነገር ላይ ማኖር ማለት ነውና። ቆዳው ራሱ የሰው ፊት ቀለም አለው፤ ሠዓሊው ጥላውንና ብርሃኑን ብቻ ይጨምርበታል። ለእኔ ግን ከቆዳው የበለጠ ትልቁ ሥራቸው አዲስ አበባ አለመግባታቸው ነው። ጋለሪያቸውን ከትውልድ ቀያቸው አላራቁም፤ ቢሾፍቱ ላይ ከፈቱ፤ ልጆቻቸውንም በዚያው ሙያ አሳደጉ። በ2013 ዓ.ም. በዘጠና ሁለት ዓመታቸው ሲያርፉ የሥዕል ቤት ያላት ከተማ ትተው ነው የሄዱት።

ከዚህ ተነሥቼ ነው ቦምቤ ላይ የምጠይቀው። ወልድያ ታደሰን አገኘች፤ ቢሾፍቱ ለማን አገኘች። ወላይታስ?

ጥያቄው የወላይታን ሰው እጅ የሚያሳንስ አይደለም። ድንጉዛ የሚሠራ ሸማኔ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ድርን ጎን ለጎን ሲያቆም ቀለም ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ሦስቱን አቀራርቦ አንዱ ሌላውን እንዳይውጠው ማድረግ የሠዓሊም ፈተና ነው። ከሻሸመኔ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ የጎረቤቶቻችን የሐላባዎች ቤት አለ። የሐላባ ገበሬ የጎጆውን ግድግዳ ውስጡንም ውጪውንም ይሥላል፤ አንበሳ፣ የቤት እንስሳ፣ አበባ፣ ክብና ማዕዘን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይደረደራሉ። መንገደኛ ከመኪናው ወርዶ ፎቶ ያነሣዋል። ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው ግድግዳውን ባዶ መተው አልፈለገም። እንግዲህ በዚህ ምድር የመሣል ፍላጎት እንግዳ አይደለም።

የጎደለው ሌላ ነገር ነው። ሠዓሊ የሚያሠራው ይፈልጋል። በሰሜኑ አገር ለብዙ መቶ ዓመታት ያሠራው የነበረው ቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ ግድግዳ ሰጠው፣ ቀለቡን ሰጠው፣ ተማሪ ሰጠው። የዘመናዊው ሥዕል ቀደምቶችም ከዚያ የራቁ አልነበሩም፤ አለ ፈለገ ሰላምም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ወገን የመጡ ናቸው። የወላይታ ታሪክ በሌላ መንገድ ሄደ። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰባኪዎች በ1920 ዓ.ም. ገደማ ወደዚህ ምድር መጡ፤ ጣልያን በ1929 ዓ.ም. ሲያስወጣቸው ትተዋቸው የሄዱት አማኞች ጥቂት ነበሩ። እነዚያ ጥቂቶች በጠላት ዘመን ያለ ፈረንጅ መሪ በዙ፤ በኋላ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ትልቅ መሠረት ሆኑ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል የዞኑ ነዋሪ ከመቶ ሰባ አንድ ያህሉ ፕሮቴስታንት ነበር። የእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ክብር በዝማሬና በቃል ነው፤ ግድግዳቸው ላይ ሥዕል አይሰቀልም። የወላይታ የመዝሙር ሀብት ከየት እንደመጣ ለሚጠይቅ መልሱ እዚሁ ነው፤ ሠዓሊው ለምን እንደዘገየም እንዲሁ።

ሁለተኛው ምክንያት ያሳዝነኛል። በእጅ የሚሠራን ሰው ዝቅ አድርጎ ማየት በብዙው የአገራችን ክፍል የኖረ ክፉ ልማድ ነው፤ ወላይታም አልተረፈችም። ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ቀጥቃጩ ከሌላው ጋር እንዳይጋባ፣ መሬት እንዳይኖረው ተደርጎ ኖሯል። ቅርጽን የምታውቀው፣ ጭቃን በእጇ አዙራ ጀበና የምታደርገው ሴት ልጇን «እንደ እኔ ሁን» ማለት የማትደፍርበት አገር ሠዓሊ ለማፍራት ይቸገራል። ሠዓሊ ከእጅ ባለሙያ ነው የሚበቅለው። ልማዱ እየላላ ነው፤ ግን አልሞተም፤ ስለዚህም መነገር አለበት።

የተቀደሰ ስፍራን በተመለከተም ወላይታ ድሃ አይደለችም። ሶዶ ያደረ ሰው ጠዋት በሩን ሲከፍት ዳሞታን ያያል። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ወደ ሦስት ሺህ ሜትር ይጠጋል፤ ከተማዋ ከእግሩ ሥር ናት። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል ስለ ዳሞቱ ንጉሥ ስለ ሞቶሎሚ ይተርካል፤ የወላይታ ሰው ይህን ታሪክ ከተራራው ጋር አያይዞ ያወራዋል። በአካባቢው በጻድቁ ስም የተሰየመው የደብረ መንክራት ገዳም አለ፤ ምእመናን ከሩቅም ከቅርብም ይሳለሙታል። ለኦርቶዶክሱ የጻድቁ ስፍራ ነው፤ ለሌላው የነገሥታቱ መታሰቢያ ነው፤ ለገበሬው ደግሞ ዝናቡን አስቀድሞ የሚያሳየው ነው፤ ደመናው ጫፉን ሲሸፍነው የታችኛው ሰው ዘሩን ያስባል። አንድ ተራራ በዚህ ሁሉ ዓይን ሲታይ ሠዓሊ ከዚህ የተሻለ ምን ይፈልጋል? ወላይታና ከምባታ በሚዋሰኑበት በአጆራም፣ ሁለቱ ፏፏቴዎች ጎን ለጎን ወደ ገደሉ ሲወርዱ ያየ ሰው ጎብኚዎች ስልካቸውን ሲያነሡ ያያል። ብሩሽ ያነሣ ሰው ማየት ብርቅ ነው።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። በበርማ፣ ዛሬ ምያንማር በምትባለው አገር፣ እ.ኤ.አ. በ1960 በኢራዋዲ ወንዝ አፍ አካባቢ በዳኑብዩ የተወለዱ ሚን ዌ አውንግ የሚባሉ ሠዓሊ አሉ። የሚታወቁት መነኮሳትን ከጀርባቸው በመሣል ነው። መነኮሳቱ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው በባዶ ወርቃማ ሜዳ ላይ ርቀው ይሄዳሉ። በበርማ መንገድ ላይ መነኩሴ ማየት ለእኛ ነጠላ የለበሰች እናት የማየት ያህል የተለመደ ነው። ሠዓሊው ከዚያ ተራ ነገር ላይ ሁሉን ቀንሰው መንገዱን፣ ዛፉን፣ ቤቱን አጠፉና አረማመዱን ብቻ አስቀሩ። የወልድያው ሠዓሊ ያደረጉት የዚህ ተቃራኒና አምሳያ ነው፤ እዚያ ጀርባ፣ እዚህ ፊት፤ እዚያ ባዶ ስፍራ፣ እዚህ መተፋፈግ። ሁለቱም ግን ቅድስናን ያገኙት ልጅ ሆነው በየቀኑ ባዩት ሰው ላይ ነው።

ታዲያ ቦምቤ ላይ በየቀኑ የሚታየው ምንድን ነው? እንሰት ነው።

የወላይታ ገበሬ ቤቱን የሚከበው በእንሰት ነው። ከደጁ የሚጀምረው ለም መሬት ዳርኩዋ ይባላል፤ የከብቱ ፍግ፣ የምድጃው አመድ፣ የቤቱ ጥራጊ ሁሉ እዚያ ይወርዳል። እንሰቱ፣ ቡናው፣ ጎመኑ፣ ጎደሬው እዚያ ነው። ከዚያ ራቅ ሲል ሾካ ይመጣል፤ በቆሎው፣ ስኳር ድንቹ፣ ጤፉ የሚዘራበት ሳሳ ያለ መሬት። ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ለሚያይ፣ እያንዳንዱ ቤት በጥቁር አረንጓዴ ክብ ተከቦ፣ ክቡ ወደ ውጭ እየሳሳ፣ ወደ ቢጫ እየተለወጠ ይሄዳል። ገበሬው ያወጣው የቀለም ሥርዓት ነው፤ በየዓመቱ በፍግና በላብ ያድሰዋል። የደጋውን የጤፍ ማሳና የወይራ ዛፍ የለመደ ሠዓሊ እዚህ ሲመጣ ሌላ ዓይን ያስፈልገዋል።

እንሰት ሥር ገብቶ ማየት ደግሞ ሌላ ነው። ቅጠሉ ሰፊና ስስ ስለሆነ ፀሐይዋ በላዩ ታልፋለች እንጂ አትቆምም። በአንዳንዱ ዓይነት የቅጠሉ አውራ ጅማት ቀይ ነው፤ ብርሃኑ ሲያልፍበት ደም የሚሄድበት ሥር ይመስላል። ከሥሩ ያለ ሁሉ አረንጓዴ ብርሃን ይለብሳል። የሰው ፊት ላይ ያለው ቡናማ እንኳ ወደ ወይራ ያደላል፤ ነጭ ነጠላ ነጭ ሆኖ አይታይም። አዲስ አበባ ክፍል ውስጥ በመስኮት ብርሃን ፊት መሣል የተማረ ሰው እዚህ ያንን ዕውቀቱን ይዞ አይዘልቅም።

በዚያ ብርሃን ውስጥ አንዲት ሴት ትፍቃለች። ጣውላ አዘንብላ አስደግፋለች፤ ከተቆረጠው እንሰት የላጠችውን ረጅም ሽፋን ጣውላው ላይ ዘርግታ፣ እግሯን ከፍ አድርጋ በተረከዟ ታስይዘዋለች። በሁለት እጇ በያዘችው ስንጥቅ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ትገፋለች። ነጩ ሥጋ እየተላጠ ውኃውን እየጣለ ይወርዳል፤ ጣውላው ላይ የሚቀረው ቃጫው ነው። ቃጫውን ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፤ የወረደውን ጉድጓድ ውስጥ ቅጠል አንጥፋ እንዲብላላ ትቀብረዋለች። ሥራው ከባድ ነው፤ ጉልበትም ወገብም ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ነው ቂጣው፣ በቅቤ የታሸው ሙቹዋ፣ ከጎኑ የሚቀመጠው ዳታ የሚመጣው።

ያቺ ሴት በጎን ነው የምትታየው። ዓይኗ ጣውላው ላይ ነው፤ አንድ እግሯ ወደ ላይ ተነሥቷል፤ ሰውነቷ ወደ ፊት ዘምሟል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሕግ እንዲህ የሚታይ ሰው የከበረ አይደለም። እንዲህ ያለ አቀማመጥ ለቅዱሳን አልተሰጠም። ታደሰ ለገበያዋ ሴት የሰጡትን ክብር ለፋቂዋ ሴት ልስጥ የሚል ሠዓሊ ሁለቱን ዓይኖች ገልብጦ ሊያመጣላት አይችልም፤ ሥራዋን ታቆማለችና። ሌላ መፍትሔ መፈለግ አለበት፤ ምናልባት በእጇ በኩል፣ ምናልባት በዚያ አረንጓዴ ብርሃን በኩል። የወላይታ ሥዕል የሚጀምረው ይህን ችግር ከልቡ የሚይዝ ሰው ሲገኝ ነው። የታደሰን ረጃጅም አንገቶች ቦምቤ አምጥቶ መድገም አይጠቅምም። ከእርሳቸው የሚወሰደው ትዕግሥቱ ነው፤ አንድ ገበያ፣ አንድ ዓይነት ሴት፣ ዓመት ከዓመት።

ጊዜው ደግሞ አይጠብቅም። የቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ በዝንጅብል ስሙ የታወቀ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የመጣው አጠውላጊ የባክቴሪያ በሽታ የዝንጅብሉን ማሳ በአንድ ወቅት አደረቀው፤ ልጆቹን በዝንጅብል ያስተማረ ገበሬ ዘር እንኳ አጣ። እንሰቱንም የሚያደርቅ የራሱ በሽታ አለው፤ ማዝያ የሚባለውን ዓይነት ገበሬው የሚወደው በሽታውን ስለሚቋቋምለት ነው። የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል በዚህ ላይ ለዓመታት ሠርቷል፤ የጎደሬ ዘር አውጥቶም «ቦሎሶ 1» ብሎ ሰይሞታል። የአካባቢው ስም በሳይንስ መዝገብ ላይ ገብቷል፤ በሥዕል መዝገብ ላይ አልገባም። ክዳናቸው መሬት ሊነካ የሚደርሰው ረጃጅሞቹ የሣር ቤቶች፣ ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩባቸው፣ በቆርቆሮ እየተተኩ ነው። ቆርቆሮ መድረሱን አልነቅፍም፤ ሣር ከየት ይመጣል፣ በየዓመቱስ ማን ይከድነዋል? ነገር ግን የሚያልፍን ነገር መልኩን ይዞ ማቆየት የሠዓሊ ሥራ ነው። ፎቶግራፍ ብዙ ያተርፋል፤ የእንሰቱን ብርሃን ግን ካሜራ አስተካክሎ ነጭ ያደርገዋል።

ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ወላይታ ሶዶ የክልሉ የፖለቲካ መቀመጫ ሆናለች። ቢሮዎች ተከፍተዋል፤ ሆቴሎችና አዳራሾች ተሠርተዋል። እነዚህ ሁሉ ግድግዳ አላቸው። ከቻይና የመጣ የፏፏቴ ፖስተር የሚሰቀልበት ግድግዳ ላይ አጆራን በቀለም የሠራ የአካባቢው ልጅ ሥዕል ቢሰቀል ወጪው ብዙ አይደለም። ለሰሜኑ አገር ሠዓሊ ቤተ ክርስቲያን ያደረገችለትን፣ እዚህ መሥሪያ ቤቶችና የንግድ ሰዎች ማድረግ ይችላሉ፤ ማሠራት፣ መግዛት፣ መክፈል። የባህል ቢሮዎች በወላይታ ዘመን መለወጫ በጊፋታ በዓል ለዘፈንና ለጭፈራ የሚሰጡትን ቦታ ያህል ባይሆን እንኳ ለሥዕል አንድ ክፍል ይስጡ። በሶዶ ያለው ዩኒቨርሲቲም በደጁ ያለውን ዳሞታን የሚሥሉ ወጣቶችን በየዓመቱ ይጋብዝ።

የቦምቤ መምህራንን ደግሞ በቀጥታ እለምናለሁ። ደብተሩ ጠርዝ ላይ ሲሥል የተገኘውን ልጅ አትቆጡት። ወላጆቹን ጥሩና ልጁ ምን እንዳለው ንገሯቸው፤ እናቱ ሸክላ ሠሪ ከሆነች ከማን እንደወረሰው በክፍሉ ፊት ተናገሩለት። በአዲስ አበባ የምትኖሩ ሠዓልያንም የደጋውን ገበያ ጠግባችሁ እንደሆነ ወደዚህ ኑ። በሻሸመኔና በሐላባ በኩል ሶዶ ትደርሳላችሁ፤ ከሶዶ በአረካ አልፋችሁ ቦምቤ ትገባላችሁ። አረንጓዴ ቀለም በብዛት ይዛችሁ ኑ፤ እዚያ የሚሸጥ የለም።